ለመጀመሪያ ፒኤልሲ ምርጫ፦ የውኃ ፓምፕ መለማመጃ ቦርድ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው

ኢንዱስትሪያል አውቶሜሽን ለሚጀምር ሰው የሚሆን አንድ ፒኤልሲ (ማሽኖችን በፕሮግራም የሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር) መርጠን፣ እውነተኛ ሥራ በሚሠራ ቦርድ ላይ እናስረዋለን። ሥራው የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነው፤ ከታች ታንከር፣ ከላይ ሮቶ፣ በመሃል አንድ ፓምፕ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፤ ማብራሪያ አይፈልግም።

መብራት እያበሩ እያጠፉ መለማመድ ለጀማሪ ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም። መብራት ላይ የሚበላሽ ነገር ስለሌለ የሚማሩት የላደር (የፒኤልሲ ፕሮግራም የሚጻፍበት የመስመር ሥዕል) አሳሳልን ብቻ ነው። ፓምፕ ግን ውኃ ሳይኖር ይሽከረከራል፣ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፣ ገመድ ይቆረጣል፣ መብራት ይሄድና ይመጣል። ፒኤልሲ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

ከግዢ በፊት፦ ቆጠራ

ብራንድ ከመወሰኑ በፊት ኢንፑት (ወደ ፒኤልሲው የሚገባ ምልክት) እና አውትፑት (ከእሱ የሚወጣ ትእዛዝ) በወረቀት ተቆጠሩ።

ኢንፑት፦ የአውቶ/ማንዋል መምረጫ፣ ማስነሻ፣ ማቆሚያ፣ ኢመርጀንሲ ስቶፕ፣ የታችኛው ታንከር ፍሎት (በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ማብሪያ)፣ የሮቶው ዝቅተኛ ፍሎት፣ የሮቶው ከፍተኛ ፍሎት፣ የኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ አምፔር ሲስብ የሚመታ መከላከያ) ምልክት፣ የኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራ በኮይል የሚሳብ ማብሪያ) ረዳት ኮንታክት። ዘጠኝ ሆነ።

አውትፑት፦ ኮንታክተር፣ የሥራ መብራት፣ የብልሽት መብራት፣ ባዘር። አራት።

ትናንሾቹ ፒኤልሲዎች አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ኢንፑት ነው ያላቸው፤ ዘጠነኛው ችግር ይፈጥራል። አንድ ኢንፑት ፍለጋ ብቻ ወደ ትልቁ ሞዴል መሄድ ተገቢ አይደለም። ኦቨርሎዱና ኢመርጀንሲው በኮንታክተሩ ኮይል መስመር ላይ በተከታታይ ከታሰሩ፣ የኮንታክተሩ ረዳት ኮንታክት፣ ማለትም 13-14 የሚል ቁጥር ያለው፣ የሁለቱንም ውጤት ያሳያል። ፒኤልሲው «ተነሣ» ብሎ 13-14 ካልተዘጋ አንድ ነገር ከልክሎታል ማለት ነው። ስለዚህ ለኦቨርሎድ የተለየ ኢንፑት አይሰጥም፤ ስምንተኛው ለ13-14 ይሆናል። ስምንት ገባ።

እጩዎቹ

መመዘኛዎቹ ሦስት ናቸው። ሶፍትዌሩ ያለ ፈቃድ ጣጣ በራስ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል ወይ? ኢንፑቶቹ እንደ ፋብሪካ 24 ቮልት ዲሲ ናቸው ወይ? ፕሮግራም መጫኛ ኬብሉ በቀላሉ ይገኛል ወይ? የብራንዱ ዝና ከእነዚህ በኋላ ነው የሚታየው።

ሲመንስ ሎጎ፦ ስምንት ኢንፑት፣ አራት ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ትንሽ ማብሪያ) አውትፑት፣ ሪሌው እስከ 10 አምፔር። ለአንድ ቤት ፓምፕ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ለትምህርት ግን ጠባብ ነው፤ ብሎክ ማገናኘት ያስተምራል እንጂ ሬጅስተር (ቁጥር የሚቀመጥበት የፒኤልሲው ቦታ)፣ የዳታ ዓይነትና የፕሮግራም አወቃቀር ላይ አያደርስም።

ሲመንስ ኤስ7-1200፦ ሲፒዩ 1212ሲ ስምንት ኢንፑትና ስድስት አውትፑት አለው፤ 1214ሲ ደግሞ 14 ኢንፑትና 10 አውትፑት። ሁለቱም ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚያነቡ ሁለት አናሎግ ኢንፑቶች አሏቸው። በፋብሪካ ፓነል ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ መማሩ ዋጋ አለው። ክብደቱ ሶፍትዌሩ ነው። ቲአይኤ ፖርታል ብዙ ጊጋባይት ይወርዳል፣ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይፈልጋል፣ የሙከራ ፈቃዱም 21 ቀን ነው። በአዲስ ቨርዥን የተቀመጠ ፕሮጀክት በአሮጌው አይከፈትም። አዲሱ የኤስ7-1200 ትውልድ፣ ጂ2 የሚባለው፣ ቲአይኤ ቨርዥን 20ን ስለሚፈልግ አሮጌ ሶፍትዌር ያለው ሰው ጂ2 ቢገዛ ማገናኘት አይችልም። በሳጥኑ ላይ «ዲሲ/ዲሲ/ሪሌ» የሚል ጽሑፍ ሲታይ የመጀመሪያው የፒኤልሲውን መጋቢ፣ ሁለተኛው ኢንፑቱን፣ ሦስተኛው አውትፑቱን ይገልጻል። «ኤሲ» ብሎ የሚጀምረው በቀጥታ 220 ቮልት ይገባዋል፤ ለመለማመጃ ቦርድ አይመከርም።

ዴልታ ዲቪፒ14ኤስኤስ211አር፦ 24 ቮልት ዲሲ መጋቢ፣ ስምንት ኢንፑት፣ ስድስት ሪሌ አውትፑት፣ አንድ አርኤስ-232 እና አንድ አርኤስ-485 የዳታ መገናኛ ፖርት። ሶፍትዌሮቹ፣ ደብሊውፒኤልሶፍትና አይኤስፒሶፍት፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳሉ፤ ጊዜ አያልቅባቸውም። ደብሊውፒኤልሶፍት ቀላል ስለሆነ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሮጣል።

ዴልታ ዲቪፒ12ኤስኢ፦ ኢተርኔትና ዩኤስቢ አለው፤ የኬብል ጣጣን ያስቀራል። አውትፑቱ አራት ብቻ በመሆኑ ለዚህ ቦርድ ልክ ይሆናል እንጂ ትርፍ አይተውም።

አለን ብራድሊ ማይክሮ820 እና አውቶሜሽን ዳይሬክት ክሊክ፦ ሁለቱም ነፃ ሶፍትዌር አላቸው። አሜሪካ ላለ ተማሪ ክሊክ በጣም ጥሩ መነሻ ነው፤ ከእዚያው ታዝዞ በቀጥታ እጅ ይገባል። አገር ቤት ላለ ሰው ግን መለዋወጫና ተጨማሪ ሞጁል በተፈለገ ቁጥር መንገደኛ መጠበቅ ይሆናል።

የሚትሱቢሺን ኤፍኤክስ3ዩ ፒኤልሲ የሚመስሉ የቻይና ቦርዶች፦ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ በሚትሱቢሺ ሶፍትዌር ፕሮግራም ይቀበላሉ። ከቦርድ ቦርድ ስለሚለያዩ ግን አንድ ነገር እምቢ ሲል ጥፋቱ የፕሮግራሙ ይሁን የቦርዱ ጀማሪ መለየት አይችልም። ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ግዢ ይሁን፤ ለመጀመሪያ አይሆንም።

ኦፕንፒኤልሲ (ነፃ የፒኤልሲ ሶፍትዌር) በአርዱይኖ ወይም በራስፕቤሪ ፓይ (ትናንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች) ላይ፦ ገንዘብ ለሌለው ተማሪ እውነተኛ መንገድ ነው። አርዱይኖ ያለው ዛሬውኑ ላደር መጻፍ ይጀምር። 24 ቮልት ግን በቀጥታ ስለማይቀበል የኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን የሚያሻግር መነጠያ) እና የሪሌ ቦርድ ይጨመርበታል።

ውሳኔ

ዲቪፒ14ኤስኤስ211አር ተመረጠ። ነፃ ሶፍትዌር፣ 24 ቮልት ኢንፑት፣ ሁለት ትርፍ አውትፑት፣ ለኋላው የሞድባስ (መሣሪያዎች ዳታ የሚለዋወጡበት ሥርዓት) ትምህርት የሚሆን አርኤስ-485። ኤስ7-1200 አልተተወም፤ ሎጂኩ በዚህ ቦርድ ከጸዳ በኋላ በሲመንስ ሲሙሌተር እንደገና ይጻፋል። 21ዱ ቀን መነሻ ሐሳብ ላለው ሰው ይበቃል፤ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው አይበቃም። ቅደም ተከተሉን የወሰነው ይህ ነው።

አንድ ሁኔታ ይህን ውሳኔ ይገለብጠዋል። ሊሠሩበት ያሰቡት ፋብሪካ ከታወቀ፣ እዚያ የሚሠራ ሰው ጠይቁና በፓነሉ ውስጥ ያለውን ግዙ። የሚጠይቁት ሰው አጠገብ መኖሩ ከማንኛውም የሶፍትዌር ምቾት ይበልጣል።

ያገለገለ ፒኤልሲ ለሚገዛ፦ ሻጩ ፊት 24 ቮልት ሰጥታችሁ፣ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታችሁ፣ አንድ ቀላል ፕሮግራም ጭናችሁ፣ እያንዳንዱን አውትፑት አብርታችሁ እዩ። የይለፍ ቃል የተዘጋበት ሊሆን ይችላል። ሪሌውም ጠቅ እያለ ኮንታክቱ የተቃጠለ ሊሆን ስለሚችል ድምፁ ማስረጃ አይሆንም፤ በቴስተር ይለካ።

ዕቃዎች

60 በ40 ሳንቲሜትር ኮምፔንሳቶ፤ 35 ሚሊሜትር ዲን ሬል (ዕቃዎቹ የሚሰኩበት የብረት ሐዲድ)፣ ሁለት ቁራጭ፤ ባለ 2 ፖል ሲ6 ብሬከር፤ 24 ቮልት 2.5 አምፔር የዲን ሬል ፓወር ሰፕላይ፤ 2 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው፤ 24 ቮልት ዲሲ ኮይል ያለው ባለ 9 አምፔር ኮንታክተር ከነኦቨርሎዱ፤ 24 ቮልት መሃል ገብ ሪሌ ከነሶኬቱ፤ አረንጓዴ ፑሽ በተን ኖርማሊ ኦፕን (ሳይነካ ክፍት)፤ ቀይ ፑሽ በተን ኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይነካ ዝግ)፤ ሁለት ኖርማሊ ክሎዝድ ኮንታክት ያለው ኢመርጀንሲ ስቶፕ፤ ባለ ሁለት ቦታ መምረጫ፤ ሁለት 24 ቮልት የኤልኢዲ መብራትና ባዘር፤ አንድ እውነተኛ ፍሎትና በሁለቱ ሌሎች ፈንታ ተራ ማብሪያ፤ ዲዮድ 1ኤን4007፣ ሁለት፤ ወደ 30 የሚጠጋ ተርሚናል፤ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በሁለት ቀለም፤ ለ220 መስመር 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፤ የሽቦ ጫፍ ፌሩል (በሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨመቅ ትንሽ የብረት ቱቦ) ከነመጭመቂያው።

ፌሩል እንደ ቅንጦት ይታያል። አይደለም። ባለ ብዙ ክር ሽቦ በትንሽ ተርሚናል ውስጥ ሲጠብቅ ጥቂት ክሮች ወደ ጎን ይወጣሉ፤ አንዷ ክር አጠገቧ ያለውን ተርሚናል ነክታ ለሰዓታት የማይገኝ ብልሽት ትፈጥራለች።

የ24 ቮልት ሒሳብ፦ ኢንፑቶች ስምንቱም ቢበሩ በ5 ሚሊአምፔር 40 ሚሊአምፔር። መብራቶችና ባዘር ወደ 60። መሃል ገብ ሪሌ ወደ 40። ኮንታክተሩ በጎኑ የተጻፈው ዋት ለ24 ሲካፈል ይገኛል፤ 5.4 ዋት ከሆነ 225 ሚሊአምፔር። ፒኤልሲው ራሱ ተጨምሮም ድምሩ ከ1 አምፔር በታች ነው። 2.5 አምፔሩ ለሞጁልና ለሴንሰር ጭማሪ የሚሆን ቦታ ይተዋል።

የኮይሉ ምርጫ ታስቦበት ነው። መርካቶ በብዛት የሚገኘው ባለ 220 ኮይል ነው፤ ይሠራል። ግን 220 ወደ ፊት ለፊቱ ሳይመጣ የተማሪ እጅ በነፃነት እንዲንቀሳቀስ ተፈልጓል። በዚህ ቦርድ ላይ 220 ከብሬከሩ እስከ ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው፤ እሱም በክዳን ይሸፈናል። ዲን ሬሉና የፓወር ሰፕላዩ መሬት ተርሚናል በቢጫ አረንጓዴ ሽቦ ይታሰራሉ።

ሽቦ ማሰር፦ የኢንፑቱ ጎን

የመጀመሪያው ቁልፍ ቦታ ኤስ/ኤስ የተባለው ተርሚናል ነው። የስምንቱ ኢንፑቶች የጋራ መመለሻ እሱ ነው። ኤስ/ኤስ ከ0 ቮልት ጋር ሲታሰር እያንዳንዱ ኢንፑት በ+24 ይበራል፤ ይህ ፒኤንፒ (ሲሠራ +24 የሚሰጥ) ሴንሰር የሚፈልገው አሠራር ነው። ኤስ/ኤስ ከ+24 ጋር ሲታሰር ደግሞ ኢንፑቱ 0 ቮልት ሲነካው ይበራል፤ ኤንፒኤን (ሲሠራ 0 ቮልት የሚሰጥ) ሴንሰር የሚሠራው በዚህ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም አይቻልም። የመጀመሪያውን መረጥን፤ ምክንያቱም የሴንሰር ሽቦ ተልጦ መሬት ቢነካ ኢንፑቱ በሐሰት አይበራም።

ኤስ/ኤስ ተረስቶ ክፍት ከቀረ አንድም የኢንፑት መብራት አይበራም፤ ጀማሪውም ፒኤልሲው ሞተ ይላል። ምርመራው አጭር ነው፦ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ኤስ/ኤስ ላይ፣ ቀዩን ማብሪያው የተዘጋበት ኢንፑት ላይ። 24 ቮልት ካለና መብራቱ ካልበራ ያኔ ፒኤልሲውን ጠርጥሩ። ዜሮ ካሳየ ጥፋቱ ሽቦው ነው።

አድራሻዎቹ እንዲህ ተመደቡ፤ ኤክስ ኢንፑት፣ ዋይ አውትፑት ነው፦

ኤክስ0 አውቶ/ማንዋል
ኤክስ1 ማስነሻ፣ ኖርማሊ ኦፕን
ኤክስ2 ማቆሚያ፣ ኖርማሊ ክሎዝድ
ኤክስ3 የኢመርጀንሲው ሁለተኛ ኮንታክት፣ ኖርማሊ ክሎዝድ
ኤክስ4 የታችኛው ታንከር፣ ውኃ ሲኖር የሚዘጋ
ኤክስ5 የሮቶው ዝቅተኛ፣ ውኃው ከእሱ በታች ሲሆን የሚዘጋ
ኤክስ6 የሮቶው ከፍተኛ፣ ውኃው ከእሱ በታች ሲሆን የሚዘጋ
ኤክስ7 የኮንታክተሩ 13-14
ዋይ0 ኮንታክተር በመሃል ገብ ሪሌ በኩል፣ ዋይ1 የሥራ መብራት፣ ዋይ2 የብልሽት መብራት፣ ዋይ3 ባዘር

አድራሻው የሚቆጠረው በስምንት ነው፤ ከኤክስ7 ቀጥሎ ኤክስ10 እንጂ ኤክስ8 የለም።

የፍሎቶቹን አቅጣጫ ልብ በሉ። ማንኛውም የፍሎት ገመድ ቢቆረጥ ፓምፑ መቆም ወይም አለመነሣት አለበት። ኤክስ4 ሲቆረጥ «ታች ውኃ የለም» ይሆናል፤ ይቆማል። ኤክስ6 ሲቆረጥ «ሮቶው ሞልቷል» ይሆናል፤ ይቆማል። ሁለቱን ገልብጦ ያሰረ ሰው ሁሉ ነገር ደህና እስከሆነ ድረስ ልዩነቱን አያይም፤ ገመዱ የተበላ ቀን ግን ሮቶው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያድራል። ባለ ሦስት ሽቦ ፍሎት ላይ የትኛው ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች ሲሆን እንደሚዘጋ በቀለም አትገምቱ፤ ፍሎቱን በእጅ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ በቴስተር ድምፅ ለዩ፣ ከዚያ ወረቀት ለጥፉበት።

ሽቦ ማሰር፦ የአውትፑቱ ጎን

የሪሌ አውትፑት ደረቅ ኮንታክት ነው፤ ከራሱ ቮልቴጅ አያወጣም። በሲ ተርሚናሉ +24 ይገባል፣ በዋይ ተርሚናሉ ይወጣል። የትኛው ሲ የትኞቹን ዋይ እንደሚመግብ በፒኤልሲው ፊት ላይ ተሥሏል፤ አንዱን ሲ ብቻ መግቦ የሌላው ቡድን መብራት አልበራ ማለቱ የተለመደ ነው።

የአንድ ነጥብ አቅም 1.5 አምፔር ነው። የኮንታክተሩን ኮይል በቀጥታ ይችላል። መሃል ገብ ሪሌ የገባው ለሌላ ነው፦ በየጊዜው የሚቃጠለው ኮንታክት በሶኬት ላይ ያለው ይሁን፤ ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው። በፒኤልሲው ውስጥ የተሸጠ ሪሌ ሲቃጠል ሥራው ሌላ ነው።

የኮንታክተሩ ኮይል መስመር እንዲህ ይሄዳል፦ +24፣ የኢመርጀንሲው አንደኛ ኮንታክት፣ የኦቨርሎዱ 95-96 (ሲመታ የሚከፈተው)፣ የመሃል ገብ ሪሌው ኮንታክት፣ የኮይሉ ኤ1፤ ከኮይሉ ኤ2 ወደ 0 ቮልት። ኢመርጀንሲው ሲመታ ፒኤልሲው ቢስማማም ባይስማማም ኮይሉ ኃይል ያጣል። ተራ ፒኤልሲ የሰውን ደኅንነት በኃላፊነት የሚይዝ መሣሪያ አይደለም። ኤክስ3 ለፒኤልሲው ወሬ ይነግረዋል እንጂ የሚያቆመው ሽቦው ነው።

ዲዮድ በሁለቱም ኮይል ላይ በትይዩ፤ ነጩ መስመር ወደ +24። ተገልብጦ ከገባ ሪሌው በተነሣ ቅጽበት ፓወር ሰፕላዩ ሾርት ያያል፣ ፒኤልሲውም ጠፍቶ ይነሣል። ጭራሽ ካልገባ ምልክቱ ረቂቅ ነው፦ ሁሉም ይሠራል፣ ኮንታክተሩ በለቀቀ ቁጥር ግን ላፕቶፑ ከፒኤልሲው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ኬብሉን ከመቀየር በፊት ዲዮዱን እዩ።

ከቦርዱ ውጭ፣ እውነተኛ ሲንግል ፌዝ ፓምፕ ላይ ይህን ለሚያስር፦ ባለ ሦስት ፖል ኦቨርሎድ ላይ ፌዙና ኒውትራሉ በሁለት ፖል ብቻ ካለፉ ሦስተኛው ፖል ባዶ ስለሆነ መሣሪያው ፌዝ የጠፋ መስሎት ያለ ምክንያት ሊመታ ይችላል። ፌዙን በአንዱ ፖል አስገብታችሁ በሁለተኛው መልሱትና በሦስተኛው አውጡት፤ ሦስቱም ውስጥ እኩል አምፔር ይለፍ። ማስተካከያው በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ይቀመጣል።

ላፕቶፑን ማገናኘት

ኬብሉ በአንድ ጫፍ ዩኤስቢ፣ በሌላው ክብ ባለ ስምንት እግር ነው። ድራይቨሩ ሲጫን በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኮም ቁጥር ይወጣል፤ ያው ቁጥር በደብሊውፒኤልሶፍት የኮሙኒኬሽን ገጽ ይሞላል። የፋብሪካ መነሻው 9600፣ 7 ቢት፣ ኢቨን፣ 1 ስቶፕ ቢት፣ አስኪ፣ ስቴሽን 1 ነው። ኬብሉ ወደ ሌላ ዩኤስቢ ቀዳዳ ሲዛወር የኮም ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል፤ «ትናንት ይሠራ ነበር» ለሚባለው ነገር መጀመሪያ እሱን እዩ። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ዓይነቱ ኤስኤስ2 ተብሎ ይመረጥ።

ፕሮግራሙ

ላደር የሪሌ ፓነል ሥዕል ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ፒኤልሲ፣ ሞዲኮን 084፣ የመኪና ፋብሪካ የሪሌ ፓነሎችን ለመተካት ስለተሠራ ኤሌክትሪሻኖች የሚያውቁትን ሥዕል ይዞ ቀጠለ። ስታር ዴልታ ፓነል ያሰረ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ልዩነቱ ስካን ነው፦ ፒኤልሲው ኢንፑቶቹን በአንድ ጊዜ ያነባል፣ መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ያሰላል፣ ከዚያ አውትፑቶቹን ይጽፋል፤ ይደግማል።

መስመር 1፣ የመብራት መመለሻ መዘግየት። ከዚህ በኋላ ኤም በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ ያለ ሪሌ፣ ቲ ታይመር፣ ዲ ሬጅስተር፣ ኬ ደግሞ ቋሚ ቁጥር ነው። ሁልጊዜ የሚበራው ኤም1000 ታይመር ቲ3ን በኬ300 ይነዳል። ከቲ0 ጀምሮ ያሉት ታይመሮች በ100 ሚሊሰከንድ ስለሚቆጥሩ ይህ 30 ሰከንድ ነው። መብራት ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ላይ ስለሚነሣ ቮልቴጁ እስኪረጋ ይጠበቃል።

መስመር 2፣ ታች ውኃ መኖሩ። ኤክስ4 ቲ0ን በኬ600 ይነዳል። ውኃ ሲጠፋ ታይመሩ ወዲያው ይወድቃል፣ ፓምፑ ይቆማል፤ ሲመለስ ግን 60 ሰከንድ መቆየት አለበት። ይህ ከሌለ ፍሎቱ በውኃው ወለል ላይ ሲወዛወዝ ሞተሩ በየጥቂት ሰከንዱ ይነሣል፤ ሞተርን የሚገድለው ደግሞ መነሣቱ ነው።

መስመር 3፣ የመሙላት ጥያቄ። ኤክስ5፣ ኤም0 እና የቲ3 ኖርማሊ ክሎዝድ ኮንታክት በትይዩ፤ ከእነሱ በኋላ ኤክስ6 በተከታታይ፤ ውጤቱ ኤም0። ሮቶው ከዝቅተኛው ሲወርድ ኤም0 ይያዛል፣ እስከ ላይኛው ሞልቶ ይለቃል። የቲ3 ኮንታክት የገባው መብራት በመሃል ከሄደ በኋላ ግማሽ የሆነው ሮቶ እስኪያልቅ እንዳይጠበቅ ነው፤ መብራትና ውኃ ባንድ ላይ በተገኙበት ሰዓት እስከ አፉ ይሙላ። ለዚህ ኤም1002ን መጠቀም ይታሰባል፤ እሱ ግን ለመጀመሪያው ስካን ብቻ ነው የሚበራው። የኢንፑት ማጣሪያው፣ ዲ1020፣ በመነሻው 10 ሚሊሰከንድ ስለሆነ በዚያች አንድ ስካን ኤክስ6 ገና ላይነበብ ይችላል። የቲ3 30 ሰከንድ አስተማማኝ ነው።

መስመር 4፣ ፈቃድ። ኤክስ2፣ ኤክስ3፣ ቲ0፣ ቲ3 እና የኤም512 (በመስመር 7 የሚያዘው የብልሽት ምልክት) ኖርማሊ ክሎዝድ በተከታታይ፤ ውጤቱ ኤም1። እዚህ ብዙ ጀማሪ ይሰናከላል። ማቆሚያው በተን ኖርማሊ ክሎዝድ ስለሆነ በላደሩም ኖርማሊ ክሎዝድ ይሥላል፤ ከዚያ ፓምፑ የሚነሣው ማቆሚያው ሲጫን ይሆናል። በተኑ ሳይነካ ኤክስ2 ላይ 24 ቮልት አለ፣ መብራቱም በርቷል። ላደሩ የሚጠይቀው «ቮልቴጅ አለ ወይ?» ብሎ ስለሆነ ኮንታክቱ ኖርማሊ ኦፕን ሆኖ ይሣላል።

መስመር 5፣ ማንዋል። ኤክስ1 እና ኤም2 በትይዩ፣ ከዚያ ኤም1፣ የኤክስ0 ኖርማሊ ክሎዝድ፣ ኤክስ6፤ ውጤቱ ኤም2። በማንዋልም ቢሆን ሮቶው አይፈስም።

መስመር 6፣ ፓምፕ። ኤክስ0 ከኤም0 ጋር በተከታታይ፤ ለዚህ ትይዩ ኤም2፤ ሁለቱም በኤም1 በኩል፤ ውጤቱ ዋይ0። ዋይ0 በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ውጤት የሚሆነው። ለአውቶ አንድ ዋይ0፣ ለማንዋል ሌላ ዋይ0 የጻፈ ሰው አውቶው ፈጽሞ አይሠራለትም፤ ከታች ያለው መስመር የመጨረሻውን ቃል ስለሚናገር የላይኛውን ይሰርዘዋል። በስክሪኑ ላይ ላይኛው መስመር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ የፒኤልሲው መብራት ግን ጠፍቷል። ይህን ካያችሁ ድርብ ኮይል ፈልጉ።

መስመር 7፣ ብልሽት። ዋይ0 በርቶ ኤክስ7 ካልመጣ ቲ1 በኬ20 ይቆጥራል፤ ከ2 ሰከንድ በኋላ ኤም512 በሴት (በርቶ እንዲቆይ በሚያደርግ ትእዛዝ) ይያዛል። ከኤም512 የሚጀምሩት ሪሌዎች መብራት ቢሄድም ያስታውሳሉ፤ የመታው ኦቨርሎድ በመብራት መሄድና መምጣት እንዳይረሳ ነው። ማቆሚያው ለ3 ሰከንድ ተጭኖ ሲያዝ ቲ2 ኤም512ን ይፈታል። ተቃራኒው፣ ዋይ0 ጠፍቶ ኤክስ7 ለ2 ሰከንድ ከቆየ፣ የኮንታክተሩ ኮንታክት ተጣብቋል ማለት ነው፤ ቲ4 ባዘሩን ይነፋል። ለዚህ ፕሮግራም ምንም ማድረግ አይችልም፤ ሰው ብሬከሩን ማውረድ አለበት።

መስመር 8፣ መብራቶች። ዋይ1 ከኤክስ7 ነው የሚበራው፤ ከዋይ0 አይደለም። መብራቱ የታዘዘውን ሳይሆን የሆነውን ያሳይ። ዋይ2 በኤም512 እና በአንድ ሰከንዱ ሰዓት በኤም1013 ብልጭ ድርግም ይላል።

ሙከራ

ፍሎቱ በ20 ሊትር ባልዲ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ሌሎቹ በማብሪያ ተተክተው፣ ፓምፑ «በመሥራት ላይ» እያለ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ በካቻቪቴ ተፈተው ተነቀሉ። ኤክስ2፣ ኤክስ3፣ ኤክስ4፣ ኤክስ6 ሲነቀሉ ኮንታክተሩ ወዲያው ለቀቀ። ኤክስ7 ሲነቀል በ2 ሰከንድ ወደ ብልሽት ገባ። ኤክስ0 ሲነቀል ወደ ማንዋል ዞሮ ቆመ። ኤክስ5 ሲነቀል ምንም አልተለወጠም፤ የያዘውን ሞልቶ ቆመ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሮቶው ቢያልቅም መብራት ሄዶ እስኪመለስ በአውቶ አይነሣም። ሞተሩ አይጎዳም፤ የቤቱ ሰው ግን ውኃ ያጣል። በስምንት ኢንፑት ከዚህ የተሻለ ምርጫ ስላልነበረ አውቀን ተቀብለነዋል።

የኦቨርሎዱ የሙከራ ምላስ ሲገፋ ኮንታክተሩ ለቀቀ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ማለት ጀመረ። ብሬከሩ ወርዶ ተነሣ፤ መብራቱ አሁንም ብልጭ ይላል። ትክክል ነው።

የባልዲው ሙከራ አንድ ነገር አሳይቷል። የፍሎቱ ገመድ ከማሰሪያው እስከ ፍሎቱ ያለው ርዝመት በመብራትና በመጥፋት መካከል ያለውን የውኃ ልዩነት ይወስናል። አጥሮ ሲታሰር ጥቂት ሳንቲሜትር ውኃ ይበቃዋል፣ ኤክስ4 በትንሽ ሞገድ ይርገበገባል። ትንሽ ሲረዝም ረጋ። ታይመር ከመጨመር በፊት ገመዱን ማርዘም ይቀድማል።

ሞድባስ

የዩኤስቢ-አርኤስ-485 መቀየሪያ በዲ ፕላስና በዲ ማይነስ ታሰረ። የፒኤልሲው ሁለተኛ ፖርት በ9600፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ እንዲሆን ኤች81 (በሄክሳዴሲማል 81) ወደ ዲ1120 ይጻፋል፣ ኤም1120 ይህን እንዲይዝ፣ ኤም1143 አርቲዩ (ከአስኪ የተለየው የሞድባስ አሠራር) እንዲሆን ይበራሉ፤ ሁሉም በኤም1002። አርቲዩ 8 ቢት ስለሚፈልግ በመነሻው 7 ቢት ላይ ኤም1143ን ብቻ ማብራት መልስ አያመጣም። ዲ0 በአድራሻ 4096፣ ኤም0 በ2048፣ ዋይ0 በ1280 ይገኛል። መልስ ካልመጣ ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጡ፤ በዲ ፕላስ ምልክት ላይ አምራቾች አይስማሙም፤ መገለባበጡም መሣሪያ አያበላሽም።

የፓምፑ የሥራ ሰዓት በዲ408 እየተቆጠረ ነው፤ ከዚያ የሚጀምሩት ሬጅስተሮች መብራት ሲሄድ አይጠፉም።

የቀረ ሥራ

ዲቪፒ08ኤስፒ11አር ሞጁል፣ አራት ኢንፑትና አራት አውትፑት፣ በጎን ይሰካል። አድራሻው ከኤክስ20 እና ከዋይ20 ይጀምራል፤ ከኤክስ10 አይደለም። ኦቨርሎዱ ከ97-98 የራሱን ኢንፑት ያገኛል፤ የኤክስ5 መቆረጥም በሮቶው ውስጥ በሚጨመር አራተኛ ፍሎት ይታወቃል። ሁለተኛ ፓምፕ ተጨምሮ ሁለቱ በተራ ይሠራሉ። ከዚያ ያው ሎጂክ በቲአይኤ ፖርታል ሲሙሌተር ይጻፋል፤ ኤክስ0 አይ0.0 ይሆናል፣ ቲ0 በኬ600 ፈንታ 60 ሰከንድ ተብሎ የሚጻፍ ቶን (የማዘግያ ታይመር) ብሎክ ይሆናል፣ ኤም512ም በዳታ ብሎክ ውስጥ ሪቴይን (መብራት ሲሄድ የማይጠፋ) የተባለ ታግ ይሆናል።